ሲነቃ

የሩዝ ፍሬ የምታህል ሥጋ ከጭኔ ላይ ቆርሰሽ፣
በበረዶ ሣጥን ይዘሽ ወደ ዶኖስቲያ ተመልሰሽ፣
ማዳለን፣ በስምንተኛው ወር፣ ማክሰኞ ማታ ደወልሽ።
«ና» አልሽኝ፣ «ቾሚን፣ ና እይ፤ ሥጋህ ብቻውን ይላወሳል።»
ዝናብ ነበር። በእኛ አገር መቼስ ዝናብ ይታጣል?

ለማያውቀኝ ልናገር፦ ድንጋይ አንሺ ነበርኩ እኔ፤
መቶ ሃምሳ ኪሎ ጥቁር ድንጋይ፣ ከመሬት እስከ ጭኔ፣
ከጭኔ እስከ ደረቴ፣ ከደረቴ እስከ ትከሻ፣
በአስፔይቲያ አደባባይ፣ በበዓል ቀን ማምሻ።
ሽማግሎች ይወራረዱ ነበር በእኔ እስትንፋስ፤
አንዱ ጥጃውን ተበላ፣ ድንጋዩ ከክንዴ ሲመለስ።

በሃያ ሦስት ዓመቴ ደረጃው ረዘመብኝ፤
በሃያ ስድስት፣ ወንበሩ «ቁጭ በል» ብሎ ያዘኝ።
ትከሻዬ ከኋላ ክንፍ አወጣ፤ ሐኪሙም «ክንፍ» አለው፤
ክንፍ አብቅሎ ከመደርደሪያ ብርጭቆ የማያወርድ
ወፍ የት ነው ያለው?
«ጉልበቴ!» ብዬ ብጣራ፣ ብርታቴን ነበር ፍለጋዬ፤
«አቤት» ያለኝ የተላጠው ነው፣ ደረጃው የነከሰው ገላዬ።

አባቴ ጤነኛ ሞተ። እናቴ ዛሬም ላም ታልባለች።
እህቴ ጋርቢኜ ተራራ ወጥታ ፎቶ ትልካለች።
አንድ የተሳሳተ ፊደል ከእሱ፣ አንድ ከእሷ፣ ተሸሽገው ቆይተው፣
እኔ ላይ ተገናኙ፣ የተቀጣጠሩ ይመስል፣ እኔን ገበያ አድርገው።

ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ፣ በቀጠሮ ካርዴ ጀርባ ስለሽ፦
ጡንቻ ክር ነው፤ ከክሩ ጎን፣ ከሽፋኑ ስር ተጠግታ፣
አንዲት ሕዋስ ትተኛለች፣ ዓመት ከዓመት፣ ድምፅ አጥፍታ።
ክሩ እንደ ማድጋ ሲነቃ፣ እሷ ከእንቅልፏ ትነቃለች፤
ለሁለት ትከፈላለች፤ አንዷ ለጥገና ትወጣለች፣
አንዷ ወደ ጎሬዋ ተመልሳ ለነገ ትተኛለች።
ድንጋይ ባነሳሁ ማግስት ገላዬን የሚቀጠቅጠኝ
ለካ የእነሱ መዶሻ ነው፣ እኔ ድካም የመሰለኝ።

በእኔ ግን ክሩ መንቃት አያቆምም። ሌሊትም ይነቃል፣ ቀንም፤
ጠሪዋ በዛ፤ «አንድ ሰዓት ተኚ» የሚላት የለም።
ስትደክም፣ ስብ ክፍሉን ይከራያል፤ ጠባሳ ጎረቤት ይሆናል፤
ባለቤት ያለቀበት ቤት እንዲህ ነው፤ መብራቱ ብቻ ይበራል።

ጋርቢኜ ነዳች። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አንቺ አነሳሽልኝ፤
አገጬን በመዳፍሽ ደግፈሽ ወደ አጉሊ መነጽሩ አስጠጋሽኝ።
መጀመሪያ ጭጋግ። ቀጥሎ ረጃጅም ነገሮች፣ ጎን ለጎን የተኙ፣
ብዙ ሆነው ተጠጋግተው አንድ ገላ ሆነው የተገኙ።
ከዚያ፣
ሳብ።
ዝም።
ሳብ።
«ማን ነው የሚነካቸው?» አልኩ። «ማንም» አልሽ።
«ፊደሉን አርመንላቸዋል» ብለሽ ወዲያው ድምፅሽን ቀነስሽ፦
«በሳህን ነው፣ ቾሚን። ከሳህን አይጥ፣ ከአይጥ ደግሞ ሰው፤
ስንቱ መንገድ ላይ እንደሚቀር እኔም አላውቀው።»

አትፍሪ፤ ድንጋይ ያስተማረኝ ይህን ነው፦
ጭብጨባው ትከሻ ላይ ነው፤ ሥራው ከመሬት እስከ ጭን ነው።
«ስንት ያነሳል?» ብዬ ጠየቅኩ፤ የድሮ ልማድ አይለቅም።
ሳቅሽ። «ከፀጉር ቁራጭ ያነሰ፤ በሚዛን አይታወቅም።»
በሁለት ጠርሙስ የፖም ጠጅ ተወራረድኩ፣ እዚያው ቆሜ።
ቆሜ አልኩ? ይቅርታ። ተደግፌ።

ስንመለስ በአደባባዩ አለፍን። ዝናቡ አባርቷል።
ድንጋዬ እዚያው ነው፤ ሁለት ልጆች ተቀምጠውበት ብስኩት ይካፈላሉ።
ጋርቢኜ እንዳይ ብላ ዘገየች። እኔ ግን ጭኔን ነበር የማዳምጠው፦
ከጠባሳው አጠገብ፣ ከሽፋኑ ስር፣
ምናልባት አንዷ ገና ተኝታ እንደሆነ።
መንገዱ ላይ ጉድጓድ መጣ።
«ቀስ» አልኳት።